ምላጭ፣ ሜትር፣ የባትሪ ድንጋይና ነጠላ
ስለ ስፒከር ገመድ የሚነገረው ተረትና እውነታው

መርካቶ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ውስጥ ገመድ እያማረጥኩ ነው። ባለሱቁ ሁለት ጥቅል አውርዶ ባንኮኒው ላይ አጋደመልኝ። አንደኛው ግራጫ ልባስ ያለው፣ ለመብራት የሚሸጠው ተራ ተጣጣፊ ገመድ ነው። ሁለተኛው እንደ ብርጭቆ በጠራ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ውስጡ ያለው ሽቦ ቀይ ወርቅ መስሎ ያንጸባርቃል። «ይሄኛው የስፒከር ነው፤ ኦሪጅናል» አለኝ። ዋጋውም ያን ያህል ከፍ ያለ ነው።

ምላጭ ጠየቅኩትና ከሚያንጸባርቀው ገመድ ጫፍ አንዷን ቀጭን ክር ለይቼ ሁለት ሦስቴ ፋቅኩ። ቀዩ ቀለም ተልጦ ነጭ ብረት ብቅ አለ፤ አሉሚኒየም ነው። ግራጫውን ብፍቀው ብፍቀው ግን እስከ ውስጡ ቀይ ሆነብኝ። ባለሱቁ ከእኔ ባላነሰ ተገረመ። እሱም የሚሸጠው ሌላው የሸጠለትን ነውና አልፈረድኩበትም።

የስፒከር ገመድ ነገር እንዲህ ነው። ብዙ ይወራለታል፣ ብዙ ይከፈልበታል፤ እውነቱን ለማወቅ ግን ቤት ውስጥ ከሚገኝ ዕቃ የዘለለ ነገር አያስፈልግም። ገመዱን በራሱ እጅ ሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ ሊዘረጋ ላሰበ ሰው፣ በብዛት የሚሰሙትን ተረቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ ውድ ገመድ ድምፅ ያሳምራል

እውነታ፦ ገመድ ለድምፅ የሚጨምረው ነገር የለም። ሥራው ከአምፕሊፋየሩ የተቀበለውን ለስፒከሩ ማድረስ ነው፤ የሚችለውም ሳይቀንስ ማድረስ ወይም ቀንሶ ማድረስ ብቻ ነው። ሳይቀንስ የሚያደርስ ገመድ ከተገኘ፣ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ድምፁ አይገባም።

እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ስፒከር የሚገናኘው በአብዛኛው በተራ የመብራት ሽቦ ነበር። «የስፒከር ገመድ» ራሱን የቻለ ውድ ሸቀጥ ሆኖ የገነነው ኖኤል ሊ የተባለው መሐንዲስ ሞንስተር ኬብልን አቋቁሞ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው መጽሔት አድማጮች ሰብስቦ ውዱን ገመድ፣ ወፈር ያለ ተራ የመብራት ገመድና በጣም ቀጭን ሽቦ ሳያዩ እንዲያወዳድሩ አደረገ። በጣም ቀጭኑ ሽቦ በሙከራ ድምፅ ተለየ። የድምፁ ከፍታ እኩል ተደርጎ ሙዚቃ ሲለቀቅ ግን ውዱን ከወፍራሙ ተራ ገመድ መለየት አልቻሉም።

«እኔ ግን ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚል ሰው አይዋሽም። ብዙ የከፈልንበትን ነገር ጆሯችን በፍቅር ይሰማዋል፤ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የሚጫወት ድምፅም ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይታየናል። መፍትሔው ነጠላ ነው። ዓይንዎን በነጠላ ይሸፍኑ፤ ሌላ ሰው አምፕሊፋየሩን እያጠፋ፣ የድምፁን ከፍታ ሳይነካ፣ ገመዱን አሥር ጊዜ ይቀያይር ወይም የቀየረ ይምሰል። ከአሥሩ ዘጠኙን በትክክል ካወቁ ልዩነት አለ። አምስት ስድስቱን ብቻ ካወቁ ሳንቲም ወርውረው ከመገመት አልተሻለም።

ተረት 2፦ ገመድ በወፈረ ቁጥር ድምፅ ይጠራል

እውነታ፦ እስከ አንድ ልክ ድረስ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ክብደት መሸከም ብቻ ነው። ማንኛውም ሽቦ የሚያልፍበትን ኤሌክትሪክ ትንሽ ይይዘዋል፤ ይህም በኦም ይለካል። የተለመደው ልክ፣ የገመዱ ኦም ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከሆነ 0.4 ኦም፣ ባለ 4 ከሆነ 0.2 ኦም ማለት ነው። በዚህ ልክ ውስጥ የሚጠፋው ድምፅ ከግማሽ ዴሲቤል ያንሳል።

ሒሳቡን በሳሎን እንሥራው። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 5 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 10 ሜትር ይሆናል። ከመዳብ በተሠራ ተጣጣፊ ገመድ፣ ባለ 0.5 (በካሬ ሚሊሜትር) ከሆነ 0.39 ኦም ገደማ፣ ባለ 1.5 ከሆነ 0.13፣ ባለ 2.5 ከሆነ 0.08 ይመጣል። ስለዚህ ባለ 0.5ቱ ለ8 ኦም ስፒከር አፋፍ ላይ ነው፤ ለ4 ኦም ጨርሶ አይበቃም። ባለ 1.5ቱ በ8 ኦም ስፒከር እስከ 15 ሜትር፣ በ4 ኦም እስከ 7 ሜትር ያለ ሐሳብ ይዘልቃል። ባለ 2.5ቱ ደግሞ እስከ 25 እና 12 ሜትር ያደርሳል። የብዙዎቻችን ሳሎን ከዚህ አያልፍም።

ቀጭን ገመድ የሚያመጣው ጉዳት ድምፅ መቀነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ትንሽ ከፍ ማድረግ በበቃ ነበር። ስፒከር ላይ የተጻፈው 8 ኦም ግን መጠሪያ ነው፤ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከዚያ ዝቅም በጣም ከፍም ይላል። ስለዚህ ቀጭን ገመድ ከሁሉም ድምፅ እኩል አይቀንስም፤ ከአንዱ አብዝቶ ከሌላው አሳንሶ ይወስዳል። የቤዝ ጊታሩ ልቅ ብሎ የሚሰማውም በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ተረት 3፦ የመብራት ገመድ ለስፒከር አይሆንም

እውነታ፦ ይሆናል፤ እንዲያውም ጥሩ ይሆናል። መዳብ የሚሸከመው የመብራት ኃይል ይሁን የመሲንቆ ድምፅ አያውቅም። ለቤት ሶኬት የሚውለው ባለ ሁለት መስመር፣ ባለ 2.5 ተጣጣፊ ገመድ ከበቂ በላይ ነው። ድርቅ ያለው ባለ አንድ ክር ሽቦም ድምፁን አይጎዳም፤ ሲተጣጠፍ ስለሚሰበር ግን ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር መስመር ቢተው ይሻላል።

የማይሆነው ስፒናው ነው። በቀላሉ ስለሚገኝ ብለው የስፒከር ገመድ ጫፍ ላይ የመብራት ስፒና የሚገጥሙ አሉ። ያ ስፒና አንድ ቀን በሕፃን እጅ ወይም በጨለማ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካና 220 ቮልት ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። የዚያኛው ጫፍ ራቁቱን ከሆነ ደግሞ የሚቃጠለው ስፒከር ብቻ አይሆንም። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም።

ተረት 4፦ ብር፣ ወርቅና «ኦክስጂን የሌለው» መዳብ ሌላ ነገር ናቸው

እውነታ፦ ብር ከመዳብ የሚሻለው 6 በመቶ ገደማ ነው። ያንኑ ጥቅም ትንሽ ወፈር ያለ መዳብ በመግዛት ያገኙታል። ኦክስጂን የወጣለት መዳብና ተራው የኤሌክትሪክ መዳብ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ በኩል የሚበላለጡት በ1 በመቶ አካባቢ ነው። ወርቅማ ከሁለቱም ያንሳል፤ አሳላፊነቱ የመዳብን 70 በመቶ ያህል ነው። ጫፍ ላይ የሚቀባው ስለማይዝግ እንጂ ድምፅ ስለሚያሳምር አይደለም።

ሊያስጨንቀን የሚገባው ልዩነት መርካቶ ላይ ያገኘሁት ነው፦ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር አሳላፊነቱ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ «ባለ 2.5» ብለው የገዙት ከባለ 1.5 መዳብ ብዙም አይሻልም። ጫፉም ደጋግመው ሲያጥፉት ቶሎ ይሰበራል። ሲገዙ ምላጩን አይርሱ። ምላጭ ከሌለ በእጅዎ ይመዝኑት፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳልና እኩል ውፍረትና ርዝመት ካላቸው ጥቅሎች የቀለለው ራሱን ያጋልጣል።

ተረት 5፦ የግራና የቀኙ ገመድ እኩል መሆን አለበት፤ አቅጣጫ አለው፤ መሟሸትም ይፈልጋል

እውነታ፦ ሦስቱንም ባጭሩ። ኤሌክትሪክ 5 ሜትር ተጨማሪ ገመድ ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ 25 ቢሊዮንኛ ገደማ ነው። በዚያ ቅጽበት ድምፅ በአየር ላይ የሚሄደው ከሚሊሜትር መቶኛ ያነሰ ነው፤ አንገትዎን ትንሽ ዘንበል ቢያደርጉ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያፋልሳሉ። አንዱ ስፒከር ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ ከሆነ እንደየርቀታቸው ይቁረጡ።

ልባሱ ላይ የታተመው ቀስትም ጌጥ ነው። የድምፅ ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ «መሄጃ» የሚባል አንድ አቅጣጫ የለውም። መሟሸት ደግሞ ለምጣድ ነው። መዳብ መቶ ሰዓት ሙዚቃ ስላሳለፈ ጠባዩን አይለውጥም፤ በመቶ ሰዓት ውስጥ የሚለመደው የእኛ ጆሮ ነው።

ተረት 6፦ ድምፅ እስከወጣ ድረስ ቀይና ጥቁር ቢቀያየር ምንም አይደለም

እውነታ፦ ሁለቱም ስፒከሮች ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ግድ የለም። አንዱ ብቻ ከተገለበጠ ግን አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል። ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የዘፋኙም ድምፅ ከመሐል ተነሥቶ የት እንዳለ የማይታወቅ ይሆናል። «ገመዴ ቤዝ የለውም» ብሎ ሌላ ገመድ ከመግዛት በፊት ይህን ማየት ነው።

ማረጋገጫው አንዲት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ናት። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉና የድንጋዩን ፖዘቲቭ በቀዩ ጫፍ፣ ኔጌቲቩን በጥቁሩ ለቅጽበት ብቻ ነካ ያድርጉ። ትልቁ የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ብቅ ካለ ልክ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ የሆነ ቦታ ተገልብጧል። ዋናው ነገር ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው ነው።

ተረት 7፦ ጫፉ በሶልደር ከተነከረ አስተማማኝ ነው

እውነታ፦ እንደ መግጠሚያው ነው። ባናና ፕላግ (በገመዱ ጫፍ የሚገጠም መሰኪያ) ውስጥ በሶልደር የሚበየድ ከሆነ መልካም። በብሎን የሚጨመቅ ከሆነ ግን ሶልደር ለስላሳ ብረት ስለሆነ ከጭነቱ ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከወራት በኋላ ብሎኑ ላልቶ ያገኙታል። ለብሎን የሚሻለው ክሮቹን በጣት ጠቅልሎ እንዳሉ ማስገባት፣ ወይም በፒንሳ የሚጨመቅ ትንሽ የብረት ቱቦ ማልበስ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ያመለጠች አንዲት ክር ናት። ከቀዩ ወጥታ ጥቁሩን የነካች እንደሆነ አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ትችላለች። ከገመድ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ኪሳራ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው።

እንግዲህ እንሥራው

መንገዱን ግድግዳ ግድግዳውን በሲባጎ ይለኩ፤ ግማሽ ሜትር ይጨምሩና ይቁረጡ። የውጭ ልባሱን ከየጫፉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የውስጡን አንድ ሴንቲ ሜትር ይላጡ። ምላጩ መዳቡን እንዳይቆርጥ ዙሪያውን ዳሰስ አድርገው በጣትዎ ጎትተው ያውጡት። ከውስጥ ሽቦዎቹ ቡናማውን ለቀይ፣ ሰማያዊውን ለጥቁር ብለው ይወስኑና በሁለቱም ጫፍ አይለውጡት።

ማስዋብ ከፈለጉ የተሸመነ ናይለን ማልበሻ አለ፤ ጫፎቹን የሚይዝ፣ በሙቀት የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦም አለ። ለድምፁ አይጠቅሙም፤ ለዓይንና ለዕድሜ ይጠቅማሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፦ ማልበሻውና ቱቦው ከፕላጉ በፊት ይገባሉ። የመጀመሪያ ገመዴን ስሠራ አራቱንም ፕላጎች በኩራት ካጠበቅኩ በኋላ ዘወር ስል አራቱም ቱቦዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ፈትቼ እንደገና ሠራሁ። ቱቦውን በላይተር ሲያሞቁ ነበልባሉ ሳይነካው ራቅ አድርገው ያዙሩት።

በመጨረሻ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ በመልቲሜትር ይፈትሹት። ቀዩ ከቀዩ ጋር መገናኘት፣ ከጥቁሩ ጋር ፈጽሞ አለመገናኘት አለበት። ከዚያ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ይሰኩ፤ ድምፁን ከዝቅተኛ ይጀምሩ።

እኔ ያን ቀን ግራጫውን ገዝቼ ገባሁ። አሁን ጥቁር ናይለን ለብሶ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ቱቦ ታስሮ ከመጋረጃው ሥር ያልፋል። ቤቴ የመጣ አንድ ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሄ ከውጭ ነው የመጣው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ነጠላ አንሥቼ አቀበልኩት።