ማስተባበያ ለምን ይዘገያል?

ሰኔ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2016) ምሽት፣ በዳላስ ከተማ መሀል በተካሄደ ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ተኩስ ተከፍቶ አምስት ፖሊሶች ተገደሉ። በቦታው የነበሩ ሰዎች በስልካቸው የቀረጹት ምስል ወዲያውኑ በፌስቡክ ለዓለም ታየ።

በዚያው ምሽት የከተማው ፖሊስ የአንድ ሰልፈኛን ፎቶግራፍ «ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው» በማለት በትዊተር አሰራጨ። ሰውየው ጠመንጃ አንግቦ ነበር፤ ይህ ግን በቴክሳስ ሕግ የተፈቀደ ነው። ፎቶግራፉ መሰራጨቱን እንደሰማ ራሱ ወደ ፖሊስ ቀረበ፤ ተጠይቆም ተለቀቀ። ጠመንጃውን ለፖሊስ ሲያስረክብ የሚያሳይ ቪዲዮም በዚያው በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ። የተሳሳተው መልእክት ግን እስከ ማግስቱ ድረስ አልተነሣም ነበር።

ስሕተት ይህን ያህል የሚፈጥነው ለምንድን ነው? በጋዜጣና በቴሌቪዥን የዜናውን ቅደም ተከተል የሚወስነው አዘጋጅ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ይህን የሚወስነው አልጎሪዝም የተባለው የኮምፒውተር ቀመር ነው። ቀመሩ በዋናነት የሚያሰላው ተመልካቹ መልእክቱን የመውደድ፣ አስተያየት የመስጠትና የማጋራት ዕድሉን እንጂ የመልእክቱን እውነትነት አይደለም። ድንጋጤና ቁጣ ብዙ ያጋራሉ፤ ማስተባበያ ግን እምብዛም አያስደንቅም። በተጨማሪም የመጀመሪያው መልእክት ቢሰረዝ እንኳ በየስልኩ የተቀዳው ምስል አብሮ አይሰረዝም።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን መርምረዋል። ሐሰተኛው ዜና የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ እውነተኛው 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ፈጅቶበታል። የልዩነቱ ምክንያትም አውቶማቲክ አካውንቶች ሳይሆኑ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ጉዳዩ በዳላስና በፎርት ዎርዝ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። አዲስ አበባ በሥራ ላይ ስትውል ዳላስ ተኝታለች። ማለዳ ስልኩን የሚከፍት ሰው ፊት ቀድሞ የሚመጣው ሌሊቱን ብዙ ሰው ያነጋገረው ወሬ ነው፤ ማስተባበያው ከሥር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከማጋራት በፊት ምስሉ መቼና የት እንደተነሣ፣ ሌላ ራሱን የቻለ ምንጭ አረጋግጦት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሺህ ሰው ያጋራው ምስል ሺህ ምስክር አለው ማለት አይደለም፤ ምንጩ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም፣ በዳላስ እንደታየው፣ ሊሳሳት ይችላል።