ተመሳሳይ ፆታ በማፍቀሩ የተሰደደ ሰው ጥገኝነት የሚያገኘው እንዴት ነው?

ሉማሜ ተቀምጦ ጥገኝነት መጠየቅ አይቻልም፤ መጀመሪያ ድንበር መሻገር ግድ ነው። እኛ አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። በ2015 ክረምት ደግሞ ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየተለጠፈ ለጥቃት ሲቀሰቀስ ነበር።

በ1951 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስደተኞች ስምምነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ የሚሳደድን ሰው ይጠብቃል። የተመድ የስደተኞች ኮሚሽን እነዚህንም ሰዎች እዚያ ውስጥ ይቆጥራቸዋል። ችግሩ ጎረቤት ኬንያም ሕጉ እስከ 14 ዓመት ያሳስራል። ስለዚህ የሸሸው ሰው እዚያም ተደብቆ ሦስተኛ አገር እስኪቀበለው ይጠብቃል፤ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው።

አቋማችሁ ምንም ይሁን፣ የምታውቁት ሰው ከሸሸ ፎቶውንም ያለበትንም ለማንም አትላኩ፤ ራሱን ሳታስፈቅዱ ለቤተሰቡም ቢሆን። የስደተኝነት ምዝገባ በነፃ ነው። "ላስመዝግብህ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው በሉት።