በራያ ቆላ የሚናበቡ መዝገቦች

በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ከበው የያዙት የራያ ቆቦ ሜዳ በማሽላውና በከብቱ የታወቀውን ያህል በወባውም የታወቀ አገር ነው፤ ስለዚህም በኢትዮጵያ ወባን የመከላከሉ ሥራ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ከደምቢያ ሜዳ፣ ከአዋሽ ሸለቆና ከጋምቤላ ጋራ ለመጀመሪያው ሙከራ ከተመረጡት ሥፍራዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደጋማውን አገር ሳይቀር የመታውና 150,000 ያህል ነፍስ እንዳጠፋ የሚገመተው ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም፣ ለሠራተኞቹ ከሚረጩት መድኃኒት እኩል ያስፈልጋቸው የነበረው መዝገብ ነው፤ ማን ታመመ፣ በየትኛው መንደር፣ በየትኛው ሳምንት፣ ደሙ ተመርምሮስ ምን ተገኘ የሚለውን ሳያውቁ የሚረጩበትን ቤት መምረጥ አይችሉምና።

ዛሬም ጥያቄው ያው ሲሆን የተለወጠው የመዝገቡ መብዛት ነው። በሮቢት ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር ነፍሰ ጡር፣ ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ በሚቀርበት በመስከረም ወር፣ ብርድ ብርድ ብሏትና ራሷን አሟት ወደ ጤና ኬላ ብትሄድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቷን ወግታ በፈጣን መመርመሪያው ደሟን ታይና ውጤቱን በታብሌቷ ትመዘግባለች፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስትላክ ካርድ ክፍሉ አዲስ ቁጥር ሰጥቶ ካርድ ያወጣላታል፤ ላቦራቶሪው በራሱ መዝገብ፣ መድኃኒት ቤቱ በራሱ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑም በራሱ ደብተር ይጽፋታል፤ ሕመሟ ከፍቶ ወደ ቆቦ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ወደ ደሴ ሪፈር ብትባል፣ በየደረሰችበት ስሟን፣ ዕድሜዋንና የእርግዝናዋን ወር እንደ ገና ትጠየቃለች። በዚያው ሳምንት ስሟ የሌለበት አንድ ቁጥር ሆና በወባ ሳምንታዊ ዘገባ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ በወርኃዊው ዘገባ ወደ ጤና ሚኒስቴር ትሄዳለች። ከዚህ ሁሉ መዝገብ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር ከሌለ፣ በደሴው ሐኪም እጅ ያለው የታጠፈች የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቷ በመንገድ ከጠፋች በጤና ኬላው የታየው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

መዝገቦቹ የተለያዩት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘመንና በየራሳቸው ምክንያት ስለ ተወለዱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30,000 በላይ ሴቶችን በየቀበሌው ሲያሰማራ፣ ለ5,000 ሰው ያህል በሚያገለግለው ጤና ኬላ ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ማህደር እንዲኖረው፣ የክትባትና የእርግዝና ቀጠሮ ያለባቸው ካርዶችም በየወሩ በተከፋፈለ ሣጥን እየተደረደሩ ወሩ ሲደርስ ያልመጣችው እናት በቀረው ካርዷ እንድትታወቅ ተደረገ፤ ይህን ያሰቡት ሰዎች ምስጋና የሚገባቸው ናቸው፣ ኮምፒዩተር በሌለበት ኮምፒዩተር የሚሠራውን በካርቶንና በእርሳስ ሠርተውታልና። ያ ማህደር ነው ኋላ ኮምኬር በተባለው ሶፍትዌር ላይ ተገንብቶ የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ተብሎ ወደ ታብሌት የገባው። ወርኃዊውን ዘገባ የሚይዘው ዲኤችአይኤስ ሁለት በበኩሉ በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ በወደቀበት ዘመን ተጀምሮ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያደገ፣ ከ70 በላይ አገሮች የሚሠሩበት ሲሆን፣ በእኛ አገር ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ያለውን ካወጀ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ተተከለ። የሕሙማንን ካርድ ለመያዝ ስማርትኬር መጣ፤ የመድኃኒቱን ክምችት ለመቈጣጠር ዳጉ መጣ።

ባለሙያዎች ተናባቢነት የሚሉት እንግዲህ እነዚህ ለየብቻ የተወለዱ ሥርዓቶች ሳይፈርሱና በአንድ ግዙፍ ማሽን ሳይዋጡ፣ አንዱ የላከውን ሌላው አንብቦ በላኪው አሳብ ልክ እንዲረዳው ማድረግ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ቃሉ የሚሄድበት መንገድና የቃሉ ፍቺ። መንገዱን የሚወስነው አርክቴክቸር ሲባል፣ ፍቺውን የሚወስነው ኦንቶሎጂ ይባላል።

ስለ መንገዱ ስናስብ በመጀመሪያ የሚገጥመን የቁጥር ነገር ነው። አሥር ሥርዓቶች እያንዳንዳቸው ከእያንዳንዳቸው ጋራ በቀጥታ ይገናኙ ቢባል 45 ድልድይ መሥራት ግድ ይሆናል፣ አንዱ ሥርዓት በተለወጠ ቍጥርም ዘጠኝ ድልድይ ይታደሳል፤ ሁሉም በመካከል ባለ አንድ በር በኩል ይለፉ ቢባል ግን አሥር ድልድይ ይበቃል። ኦፕን ኤችአይኢ በተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር የተነደፈውና ጤና ሚኒስቴርም ለብሔራዊ የኤሌክትሮኒክ ጤና አርክቴክቸሩ መነሻ ያደረገው ሥርዓት በዚህ አሳብ የቆመ ነው። በሩ የላኪውን ማንነት ይመረምራል፣ መልእክቱ ለማን እንደሚደርስ ይወስናል፣ ማን ምን መቼ እንደ ላከ ይመዘግባል። ከበሩ ጀርባ ደግሞ ማንም ሥርዓት በየራሱ ሊፈጥራቸው የማይገባ የጋራ መዝገቦች ይቀመጣሉ፤ እነዚህም የታካሚዎች፣ የጤና ተቋማት፣ የባለሙያዎችና የቃላት መዝገብ ናቸው።

የተቋማት መዝገብ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ከሮቢት ስም አልፎ መሄድ አያሻም። ሮቢት የሚባል በቆቦ አለ፤ ሸዋ ሮቢት በሰሜን ሸዋ አለ፤ ሮቢት ባታ በባሕር ዳር ዙሪያ አለ። አንድ መዝጋቢ በአዲስ አበባ ተቀምጦ «ሮቢት» ብሎ የተጻፈ የወባ ዘገባ ቢደርሰው፣ አጎበሩንና መድኃኒቱን ወደ የትኛው ይላክ? ለዚህ ነው ሚኒስቴሩ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የማይለወጥ መለያ የሚሰጥ የጤና ተቋማት ዋና መዝገብ ያቋቋመው፤ ስሙ ቢመሳሰልም፣ ቀበሌው ቢከፈልም፣ ወረዳው ቢለወጥም መለያው ያው ይሆናል።

የሰው ስም ከቦታ ስም ይበልጥ ያስቸግራል። ኢትዮጵያዊ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ የሚጠራ እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የሌለው ስለ ሆነ፣ ለሌላ አገር ልማድ የተሠራ ፎርም ሲመጣ የአባት ስም በስሕተት የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ ወንድማማቾችም አባታቸው አንድ ሆኖ አያታቸው በአንዱ ካርድ ተጽፎ በሌላው ሲቀር ባዕዳን ይመስላሉ። በራያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት ምድር አንዱ ሰው በአንዱ መዝጋቢ ሰዒድ፣ በሌላው ሰይድ ይባላል፤ ብዙኃኑ «ኃ» በ«ሀ» ይተካል፤ ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ መልኩ በሦስትና በአራት ይባዛል። ዕድሜው በግምት ይጻፋል። የትውልድ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቢሆን፣ ዓመትን ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርጎ የሚያውቅ ማሽን ቀኑን አይቀበለውም፤ መዝጋቢውም ማሽኑን ለማስደሰት ሲል ነሐሴ 30 ብሎ ያልፋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው የፋይዳ መታወቂያ 12 አሃዝ ያለው አንድ ቁጥር ለአንድ ሰው ስለሚሰጥ ለዚህ ችግር ታላቅ ተስፋ ነው፤ ነገር ግን መታወቂያ ሳይዝ በሌሊት በቃሬዛ የሚመጣ ሕመምተኛ ምንጊዜም ስለሚኖር፣ የታካሚዎች መዝገብ ስምን፣ ዕድሜንና ቀበሌን አመዛዝኖ «ይህ ሰው ያ ሰው ሳይሆን አይቀርም» የሚል ብልሃት ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ ፍቺው እንግባ፤ የነገሩ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና። የሰው ልጅ የበሽታን ስም ለማስተካከል ከጀመረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ዣክ ቤርቲዮን የተባለ ፈረንሳዊ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ፣ በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ሥራውን ተረከበ፣ የዝርዝሩ ዐሥራ አንደኛው እትም በ2019 በጉባኤ ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያም ከዚህ እትም ለአገሯ የሚስማማውን አሳጥራ የራሷን ዝርዝር አዘጋጅታለች። በዐሥራ አንደኛው እትም የፋልሲፓረም ወባ 1ኤፍ40፣ የቫይቫክስ ወባ 1ኤፍ41 ይባላል፤ በቀደመው እትም ቢ50 እና ቢ51 ነበሩ። የሮቢቷ ነርስ «ንዳድ» ትበል፣ የወልድያው ሐኪም በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ኮዱ አንድ ከሆነ ቁጥሩ ይደመራል።

ይሁን እንጂ ዝርዝር ኦንቶሎጂ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስመ ተፀውዖን ከስመ ግብር ለይተው፣ አካልን ከባሕርይ ሳያደባልቁ፣ እያንዳንዱ ነገር ምን እንደ ሆነና ከሌላው ጋራ በምን እንደሚዛመድ በጥንቃቄ ያስተምሩ እንደ ነበረ፣ ኦንቶሎጂም የስሞችን ዝርዝር ትቶ ወደ ነገሮቹ ህላዌና ዝምድና ይገባል። የቫይቫክስ ወባ የወባ ዓይነት ነው ይላል፤ ጥገኛው በጉበት ተደብቆ ቆይቶ እንደ ገና ይነሣል ይላል፤ ክሎሮኪን በደም ያለውን ያጠፋል፣ ፕራይማኪን በጉበት የተደበቀውን ያጠፋል ይላል፤ ፕራይማኪን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ይላል። እነዚህ አራት አረፍተ ነገሮች ማሽን በሚያነበው ሥርዓት ከተጻፉ፣ ሮቢት ላይ «ነፍሰ ጡር» ተብላ የተመዘገበች ሴት ደሴ ላይ ቫይቫክስ ሲገኝባት፣ ሁለቱን ቃላት ማንም ሰው አጠገብ ለአጠገብ ባያነባቸውም ሥርዓቱ ራሱ አገናኝቶ ሐኪሙን ያስጠነቅቃል። ይልቁንም መንገዱ ወደ ኋላም የሚሠራ ከሆነ፣ ወልዳ ሕፃኗ ከፍ ካለ በኋላ የቀረው መድኃኒት እንዲሰጣት ለጤና ኬላዋ መልእክት ይመለሳል፤ ያለዚያ ጉበቷ ውስጥ የቀረው ወባ በሚቀጥለው ዓመት ተነሥቶ እንደ አዲስ ሕመም ይቈጠራል። ስኖሜድ የተባለው ታላቅ የሕክምና ቃላት ሥርዓት በዚህ ዓይነት ዝምድና የተሠራ ነው፤ ሎይንክ ለላቦራቶሪ ምርመራዎች፣ ፋየር ደግሞ መልእክቱ ለሚላክበት ቅርጽ ያገለግላሉ። ሚኒስቴሩ ያዘጋጀው ብሔራዊ የጤና መረጃ መዝገበ ቃላት የእኛን ዘገባዎች ቃላት ከእነዚህ ጋራ ያስተሳስራል።

ወደ ዳጉ ልመለስ፤ ለመድኃኒት ክምችቱ ሶፍትዌር ስሙን ያዋሰው ከዞብል ወዲያ ያሉት የአፋር ጎረቤቶቻችን ልማድ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን፣ የሰሙትንም ከማን እንደ ሰሙ፣ ዝናሙ የት እንደ ጣለና የማን ግመል የት እንደ ታየ በየተራ ይነጋገራሉ፤ ያልተጣራ ወሬ ማቀበል ነውር ነው፣ ወሬ መከልከልም ነውር ነው። የትኛውም መሐንዲስ የነደፈው የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ከዚህ የተሻለ መሠረት ያለው አይመስለኝም፤ የምንጩ መታወቅ፣ የሥርዓቱ መጽናትና የመቀበልና የመስጠት ግዴታ በአንድነት ይገኙበታልና።

የዚህ ሁሉ ሥራ ፈተና በራያ በግልጽ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በቆቦና በወልድያ ባለፈበት ጊዜ የአማራ ክልል ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲፈርሱ ኮምፒዩተሩም ካርዱም አብሮ ሄዷል፤ ከዚያም በኋላ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚሠራ አርክቴክቸር መረብ በሌለበት የሚመዘግብ፣ መረቡ ሲመለስ የሚያደርስ፣ ቅጂውንም ከአንድ ቦታ በላይ የሚያኖር መሆን አለበት፤ ኮምኬር መረብ ሳይኖር መመዝገብ መቻሉ ለዚህ ይጠቅማል። ምስጢርን መጠበቁም ከዚህ አያንስም፤ መዝገቦች ሲናበቡ የአንዲት ሴት የደም ምርመራ ከአንድ ክፍል ወጥቶ በብዙ ዓይን ሥር ሊወድቅ ይችላልና፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በየጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ድረስ ሊታወቅ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን የቃላቱን መዝገብ ነው። በቆቦ ገበያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሕመምተኛ ሕመሙን የሚናገረው በኮድ አይደለም፤ ንዳድ ነው ይላል፣ ምች መታኝ ይላል፣ መጋኛ ነው ይላል፤ ከዞብል ማዶ የመጣው በአፋርኛ፣ ከወዲያ ከአላማጣ የመጣው በትግርኛ ይናገራል። እነዚህ ቃላት በአዲስ አበባ በሚጻፍ መዝገብ ውስጥ በራሳቸው አይገቡም፤ የሚያስገቧቸው በየቀኑ የሚሰሟቸው ናቸው። በሮቢት፣ በጎብየ፣ በቆቦና በዋጃ የምትሠሩ የጤና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆይ፣ ሕመምተኛው የተናገረው ቃል በታብሌቱ ዝርዝር ውስጥ ሲታጣ «ሌላ» የሚለውን ተጭናችሁ አትለፉ፤ ቃሉን እንዳለ ጻፉት፣ ምን ዓይነት ሕመም እንደ ሆነ አጠገቡ አስፍሩ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም አስተላልፉት።