ማኔጅሲቭ፦ የኢሜይል ማጣሪያን ከሩቅ ማስተዳደር

ማኔጅሲቭ የኢሜይል ተጠቃሚ በሰርቨር ላይ የተቀመጠ የማጣሪያ ስክሪፕቱን ካለበት ሆኖ እንዲያስገባ፣ እንዲያርምና እንዲቀይር የሚያስችል ፕሮቶኮል ነው። ስክሪፕቱ የሚጻፈው ሲቭ በተባለው ቋንቋ ነው። ሲቭ እ.ኤ.አ. በ2001 አርኤፍሲ 3028 በተባለው ሰነድ ተደንግጎ በ2008 በአርኤፍሲ 5228 ተሻሽሏል። ማኔጅሲቭ ራሱ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በተሠራው የሳይረስ ሰርቨር ዘንድ ለዓመታት ሲሠራበት ከቆየ በኋላ በ2010 በአርኤፍሲ 5804 መደበኛ መልክ ያዘ።

ማጣሪያው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የሚሠራው የኢሜይል ፕሮግራሙ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ከዋለ በስልክ የሚታየው ያልተለየ ክምር ነው። በሰርቨር ላይ ያለ ስክሪፕት ግን መልእክቱን ገና ሲደርስ ስለሚለየው፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢከፈት መልእክቱ በቦታው ይገኛል። ችግሩ ተጠቃሚው ስክሪፕቱን ሰርቨሩ ላይ እንዴት ያድርስ የሚለው ነበር። አብዛኛው የኢሜይል ተጠቃሚ የመልእክት ሣጥን እንጂ ወደ ማሽኑ መግቢያ የለውም፤ እንዲኖረውም አይፈለግም። ማኔጅሲቭ ይህን በር ሳይከፍት ስክሪፕቱን ብቻ ያስተናግዳል። ሲቭም ሆን ተብሎ የተገደበ ቋንቋ ነው፦ ድግግሞሽ የለውም፤ በመሠረታዊ መልኩም በሰርቨሩ ላይ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት አይችልም።

ስክሪፕቱ በዩቲኤፍ-8 ስለሚጻፍ የፎልደር ስም በግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። ርዕሱ ላይ «ደረሰኝ» የሚል ቃል ያለበትን መልእክት «ሂሳብ» ወደተባለ ፎልደር የሚልክ ትእዛዝ እንደማንኛውም ሌላ ትእዛዝ ይሠራል፤ የመልእክት ሣጥን ማንበቢያው ፕሮቶኮል አይማፕ ለፎልደር ስም ወደሚጠቀምበት ኮድ መለወጥ የሰርቨሩ ድርሻ ነው።

ሥራው የሚካሄደው በቅደም ተከተል ነው። የተጠቃሚው ፕሮግራም በፖርት 4190 ይገናኛል፤ ሰርቨሩ የሚያውቃቸውን የሲቭ ተጨማሪ ችሎታዎች ይዘረዝራል። ግንኙነቱ በስታርትቲኤልኤስ ከተመሰጠረ በኋላ ተጠቃሚው በይለፍ ቃሉ ይገባል። ፑትስክሪፕት በሚባለው ትእዛዝ ስክሪፕቱ ሲላክ ሰርቨሩ አስቀድሞ አጻጻፉን ይመረምራል፤ ስሕተት ካገኘ አይቀበልም፣ የቀድሞውም እንዳለ ይቆያል። አንድ ሰው ብዙ ስክሪፕቶች ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሥራ ላይ የሚሆነው ግን በሴትአክቲቭ ትእዛዝ የተመረጠው አንዱ ብቻ ነው። ሥራ ላይ ያለው ስክሪፕት ሊሰረዝ አይችልም።

በብዛት ከሚሠራባቸው የኢሜይል ሰርቨሮች አንዱ የሆነው ዶቭኮት ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ፒጅንሆል በተባለው ተጨማሪው ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ የማኔጅሲቭ ክፍሉ ራሱን የቻለ ፓኬጅ ስለሆነ ለብቻው ይጫናል። ከዚያ በኋላ አዋቃሪው ሦስት ነገሮችን ማገናኘት አለበት፦ በሩን፣ ማስቀመጫውንና ማድረሻውን።

በሩን በተመለከተ፣ በዶቭኮት የፕሮቶኮሎች መስመር ላይ ሲቭ መጨመሩና አገልግሎቱ በ4190 ማዳመጡ ይረጋገጣል። ቀድሞ በልማድ ይሠራበት የነበረው 2000 በሲስኮ የስልክ ፕሮቶኮል የተያዘ በመሆኑ በቆዩ ሰርቨሮች ላይ ካልሆነ አይገኝም። ማጣሪያውን የሚያዘጋጁት በዚያው ማሽን ላይ ባለ ዌብሜይል፣ ለምሳሌ በራውንድኪዩብ፣ ብቻ ከሆነ አገልግሎቱ 127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ይደረጋል፤ ፋየርዎሉን ለውጭ መክፈት አያስፈልግም።

ማስቀመጫው ሁለት አድራሻ አለው። አንዱ ስክሪፕቶቹ ሁሉ የሚቀመጡበት ዳይሬክቶሪ ነው፤ ሌላው ሥራ ላይ ወዳለው ስክሪፕት የሚያመለክት ሊንክ ነው። ተጠቃሚው ስክሪፕት ሲቀይር ሰርቨሩ የሚያደርገው ሊንኩን ወደ ሌላው ማዞር ነው። ሁለቱም በተጠቃሚው የቤት ዳይሬክቶሪ ሥር ስለሚሆኑ የተጠቃሚዎች መዝገብ ለእያንዳንዱ ሰው የቤት ዳይሬክቶሪ መስጠት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ማድረሻው ላይ ነው። ማኔጅሲቭ ስክሪፕት ያስቀምጣል እንጂ አያስኬድም። የሚያስኬደው መልእክቱን ወደ ሣጥን የሚያስገባው የዶቭኮት ክፍል፣ ማለትም ኤልኤምቲፒ ወይም ኤልዲኤ፣ የሲቭ ፕለጊን ተጨምሮለት ነው። መልእክቱን ከውጭ የሚቀበለው ሰርቨር፣ ለምሳሌ ፖስትፊክስ፣ ለዶቭኮት ሳያስረክብ በራሱ ሣጥን ውስጥ ከጻፈ፣ ስክሪፕቱ ያለ እንከን ተቀምጦ አንድም መልእክት አይለይም። ማድረሻው የሚያነበው የቤት ዳይሬክቶሪም ማኔጅሲቭ ከሚጽፍበት ጋር አንድ መሆን ይኖርበታል።

ገደብ ማበጀትም የውቅሩ አካል ነው። በፒጅንሆል ካልተቀየረ በቀር አንድ ስክሪፕት ከ1 ሜጋባይት አይበልጥም፤ በአንድ መልእክት ላይ ከ32 በላይ እርምጃ አይወስድም፤ ወደ ሌላ አድራሻም ከ4 ጊዜ በላይ አያስተላልፍም። የመጨረሻው ገደብ ቸል ሊባል አይገባም፦ የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው መልእክቶችን በድብቅ ወደ ራሱ የሚያስተላልፍ ስክሪፕት ሊያስገባ ይችላል፤ የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም ስክሪፕቱ መሥራቱን አያቆምም። ስለዚህ የተሰረቀ ሣጥን ሲመለስ የማጣሪያ ስክሪፕቱም ይፈተሻል። ድርጅቱ ለሁሉም የሚፈልገው ደንብ፣ ለምሳሌ አይፈለጌ መልእክትን መለየት፣ ከተጠቃሚው ስክሪፕት በፊት ወይም በኋላ በሚሠራ የጋራ ስክሪፕት ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው ይህን በማኔጅሲቭ ሊነካው አይችልም።

ፍተሻው ከበሩ ይጀምራል። ኦፕንኤስኤስኤል በስታርትቲኤልኤስ ከ4190 ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን መልስ ካሳየ አገልግሎቱ ይሠራል። ቀጥሎ ቀላል ስክሪፕት ገብቶ የሙከራ መልእክት ይላካል፤ መልእክቱ ወደታሰበለት ፎልደር ካልሄደ የሰርቨሩ ሎግ ያደረሰው ክፍል የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ስክሪፕቱ በሥራ ላይ ሳለ ቢሰናከል ፒጅንሆል ስሕተቱን ከተጠቃሚው ስክሪፕት አጠገብ በሎግ ፋይል ይመዘግባል፤ መልእክቱ ግን አይጠፋም፣ ወደ ዋናው ሣጥን ይገባል።