የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ፤ የቀድሞውና የዛሬው

የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሲነሣ ብዙዎቻችን ፍጹም ጸጥታን እናስባለን። ይህ ግምት ከስሙ የመጣ እንጂ ከሥራው የመጣ አይደለም። ይህንንም የቀለሃቸው ጠርዝ ሲመታ በሚተኩሱት፣ ካሊብር 22 በሆኑት ትንንሽ መሣሪያዎች ለማስረዳት እንሞክራለን።

የተኩስ ድምፅ ከሁለት ነገር ይመነጫል። አንደኛው ከአፈሙዙ በድንገት የሚወጣው የባሩድ ጋዝ ነው። ሁለተኛው ጥይቱ የድምፅን ፍጥነት፣ ማለት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ ሲያልፍ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ማፈኛው የሚገዛው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ይኸውም እንደ መኪና ማርሚታ ጋዙን አዘግይቶና አቀዝቅዞ ይለቀዋል።

የመትረየሱ ፈልሳፊ ልጅ የሆነው አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም በ1909 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ማፈኛ ጋዙን እያሽከረከረ ያዘገይ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት የተሠራው የሃይ ስታንዳርድ ሽጉጥ ግን የሽቦ መረብ ነበረው። መረቡ ሙቀትን በሚገባ ይቀበላል፤ ዳሩ ግን በጥላሸትና በእርሳስ ስለሚደፈንና ስለሚበላ መለወጥ ያስፈልገው ነበር። የዛሬዎቹ በአሉሚኒየም፣ በማይዝግ ብረት ወይም በታይታኒየም ክፍልፋዮች ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም ተፈትተው ይጸዳሉ።

እንግዲህ ለውጡ የታየው በመሠረተ ሐሳቡ ሳይሆን በዕድሜውና በጽዳቱ ነው። የቀድሞውም ሆነ የዛሬው ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በስሙ ተታሎ ጆሮውን ሳይሸፍን የሚተኩስ ሰው ግን የመስማት ኃይሉ አንድ ጊዜ ከተጎዳ በኋላ እንደማይመለስለት ማወቅ ይገባዋል።