ከጐንደር እስከ ደባርቅ፤ በመንገድ ላይ ቆም የሚባልባቸው ሥፍራዎች

ከጐንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው ጐዳና ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በደኅና መኪና የሚሄድ ሰው ከረፋዱ በፊት ሊፈጽመው ይችላል። አብዛኛው አገር ጐብኚም ልቡ በሰሜን ተራሮች ላይ ስለሆነ፥ ግራና ቀኙን ሳይመለከት ደባርቅ ይገባና በዚያው ፍጥነት ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ በመንገዱ ዳር ዕቃውን ዘርግቶ የሚጠብቀው ባለ እጅ ከመኪናው ድምፅ በቀር የሚደርሰው ነገር የለም።

እንግዳ የሚያስተናግድ ነጋዴ የጕዞውን ዕቅድ ሲያወጣ በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው የት እንደሚደርስ ሳይሆን የት የት እንደሚቆም ነው። በተለይም ከነሐሴ 2015 ዓ. ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የጐብኚው ቍጥር እጅግ ስላነሰ፥ የሚመጣው ጥቂት እንግዳ በአንድ ሥፍራ ብቻ ገንዘቡን አውጥቶ እንዳይሄድ ማድረግ ለመንገዱ ነዋሪ ሁሉ ጥቅም አለው። ስለ መንገዱ ደኅንነትም ትናንት በዚያው አልፎ የመጣን ሾፌር ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

የመጀመሪያው መቆሚያ ወለቃ ነው። መንደሩ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ በመሆኑ ይህ ቅርበቱ በረከትም ጕዳትም ሆኖበታል። ሾፌሩ ገና መንገድ መጀመሩ ስለሆነ «ስንመለስ እናየዋለን» ይላል፤ ሲመለስ ግን መሽቶበት፥ እንግዳውም ደክሞት ሳይቆም ያልፋል።

ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረ። እነዚህ ሰዎች በቀድሞው ዘመን የመሬት ርስት ስለ ተከለከሉ ኑሯቸውን በእጅ ሙያ ላይ መሥርተው ወንዱ ብረት እየቀጠቀጠና እየሸመነ፥ ሴቷ ሸክላ እየሠራች ይተዳደሩ ነበር። ማረሻውን ከእነርሱ ገዝቶ የሚያርሰው፥ በሠሩት ድስት ወጥ የሚሠራው ጎረቤት ደግሞ በስድብ ስም ይጠራቸው እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። በ1977 ዓ. ም. በሱዳን በኩል፥ በግንቦት 1983 ዓ. ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። የወለቃም ሰዎች ከእነርሱ ጋራ ስለ ሄዱ በመንደሩ ጸሎት ቤታቸውና የሙያቸው ፈለግ ቀረ።

ዛሬ በዚያ ሸክላ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሙያውን ከቀድሞዎቹ ጎረቤቶቻቸው የወረሱ ሴቶች ናቸው። አፈሩ ተቈፍሮ፥ ደርቆ፥ ተወቅጦና ተነፍቶ ከተቦካ በኋላ ያለ መዘውር በእጅ ብቻ ይበጃል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከዚያም በሜዳ ላይ በኩበትና በጭድ ይቃጠላል። ጀበናውና ድስቱ እንዳለ ሆኖ፥ ጐብኚውን የሚያስቆመው ትንንሹ ምስል ነው፤ አንበሳው፥ መጽሐፍ የያዘው ቄስ፥ ከሁሉም ይልቅ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው የሚታዩት ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ይህን የመጨረሻውን አይቶ ፈገግ የማይል መንገደኛ አይገኝም።

እዚህ ላይ ለነጋዴ ወገን የሚነገሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የስሙ ጕዳይ ነው። በመንገዱ ዳር «የፈላሻ መንደር» የሚል ሰሌዳ ይታያል። ቃሉ ሌላው የሰጣቸው ስም እንጂ እነርሱ የሚወዱት አይደለም፤ ደግሞም ዕቃውን የሠራችው ሴት ቤተ እስራኤል ሳትሆን እንደሆነች አድርጎ መሸጥ ገዥን ማታለል ነው። ሙያው ከማን እንደ መጣና አሁን በማን እጅ እንዳለ እውነቱን ቢነግሩት እንግዳው ዋጋውን አይቀንስም፤ እንዲያውም ታሪኩ ራሱ ይስበዋል።

ሁለተኛው የዕቃው መሰበር ነው። ሸክላው በጋዜጣ ተጠቅልሎ በፌስታል ስለሚሰጥ አዲስ አበባ ሳይደርስ አንገቱ ወይም ጆሮው ይረግፋል። በልኩ የተበጀ ካርቶንና ጥቂት ጭድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ የጐንደር ነጋዴ ይህን ቢያቀርብ ሴቶቹም እርሱም ይጠቀማሉ። ለዕቅዱም የተሻለው መላ ጧት ቆሞ መምረጥ፥ ቀብድ ከፍሎ ማስቀመጥና ሲመለሱ መውሰድ ነው። ቀብድ የከፈለ ሰው ሲመለስ ሳይቆም አያልፍምና።

ከወለቃ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። ኮሶዬ ላይ፥ ከጐንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ደጋው በድንገት ይቈረጥና ቈላው ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። ጧት ጉም ካልሸፈነው ቡና አፍልቶ ለመጠጣት ከዚህ የተሻለ ሥፍራ የለም። የወገራው አምባ ጊዮርጊስ ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ካፖርት የረሳ እንግዳ እዚህ ይጸጸታል። ዳባት ለነዳጅና ለሻይ ታህል እንደሆነ እንጂ ብዙ አታስቆምም።

ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ነው። መግቢያው የሚከፈለውና ጠባቂ የሚያዘው በዚህ ስለሆነ፥ አርፍዶ የደረሰ እንግዳ ቀኑን በወረፋ ይጨርሳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ. ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2009 ዓ. ም. በዚያው ቈየ። ለዚህም ከዋልያው ማነስና ከእርሻው መስፋፋት ጋራ በፓርኩ ውስጥ የተሠራው መንገድ አንዱ ምክንያት ነበረ። መንገድ ጐብኚን የሚያመጣውን ያህል የሚጐበኘውን ነገር ሊያጠፋ መቻሉን የእኛ ወገን ነጋዴ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ጭላዳን ለማየት የሚሻ ሰው ግን ብዙ አይደክምም፤ ሣሩን እየነጨ መኪናውን ከቁም ነገር ሳይቈጥር ተቀምጦ ያገኘዋል።

ጊዜ የተረፈው ከደባርቅ ትንሽ አልፎ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ቢዘልቅ፥ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈሉ የሠሩትን ጠመዝማዛ መንገድ ከላይ ሆኖ ያየዋል። በዚሁ አጠገብ በወልቅፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ. ም. እጁን ሰጠ፤ የጐንደሩ ደግሞ በሁለተኛው ወር ኅዳር 18 ቀን ተከተለ። ቍልቍለቱን ወርዶ ዛሪማ መድረስ ግን የሌላ ቀን ጕዞ ነው፤ በአንድ ቀን መልስ ውስጥ የሚያስገባው ሾፌር በጨለማ ሽቅብ መውጣቱን ያልቈጠረ ነው።

ከደባርቅ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳያልፍ የተነሣ እንግዳ፥ ሴቶቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ሳይገቡ ወለቃ ይደርሳል፤ ጧት ቀብድ የከፈለበትን ጀበናም በጭድ ተጠቅልሎ ይረከባል።