ሰውነታችን የቢላውን ስፋት ይለካል
ሆድ ሳይከፈት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የመከላከያ ኃይላችን

ቢላው በሐኪም እጅም ይሁን በጠላት እጅ ለሰውነታችን ልዩነት የለውም። ቆዳና ጡንቻ ሲቆረጥ ያው ቁስል ነው። በተጎዳው ቦታ ያሉ ሴሎች ወዲያው የኬሚካል መልእክት ይልካሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ኢንተርሉኪን-6 ሲሆን በሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ ይጨምራል። መልእክቱ የደረሰው ጉበትም ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ያመርታል። መጠኑም በሁለተኛው ቀን ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳል።

ይህ ምላሽ በልኩ ሲሆን ቁስልን ያሽራል። ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ለጥቂት ቀናት ይዳከማሉ፤ ሰውነትም ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል።

ታዲያ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ1985 ጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሙኸ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐሞት ከረጢትን ላፓራስኮፒ በተባለው ዘዴ አወጡ። ዛሬ በዚህ ዘዴ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋና ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች በትናንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ሁለቱን ዘዴዎች ያነጻጸሩ ጥናቶች በላፓራስኮፒ የሐሞት ከረጢታቸው በወጣላቸው ሕሙማን ላይ የሁለቱ ንጥረ ነገሮች ጭማሪ ማነሱን፣ የነጭ ሴሎቹም መዳከም መቅለሉን አሳይተዋል። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ግን በሁለቱም ተቀራራቢ ነው። ቀዳዳው ቢጠብም ቀዶ ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ “ትንሽ ቀዳዳ ሁልጊዜ ይሻላል” ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። መከላከያው ካልተዳከመ ካንሰርም ተመልሶ አይመጣም የሚል ተስፋ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ 872 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማንን ያካተተ ጥናት በሽታው የማገርሸት ዕድሉ በሁለቱም ዘዴዎች ተመሳሳይ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የማኅፀን በር ካንሰር ጥናት ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ በታከሙት ሴቶች ላይ በሽታው ይበልጥ እንዳገረሸ አረጋገጠ።

ከቤተሰብዎ አንዱ ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝለት ሐኪሙን “ለዚህ በሽታ የትኛው ዘዴ ይስማማል?” ብለው ይጠይቁ። በላፓራስኮፒ የተጀመረው ሥራ በመካከል ሆድ ወደ መክፈት ቢለወጥ፣ ብዙ ጊዜ ለበሽተኛው ደኅንነት ሲባል ነውና አይደናገጡ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ፣ ጠባሳው ትንሽ ነው ብለው ሳይዘናጉ ፈጥነው ይመለሱ።